ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የአድዋው እንዶድ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደገ ሰው እንዶድን አያጣውም። ለጥምቀት የምንለብሰው ነጭ እናቶቻችን ወንዝ ወርደው በእንዶድ አረፋ ያነጡት ነበር። የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም በዓለም የተጠራው በዚሁ የእናቶች ሳሙና ነው።

አክሊሉ በ1935 ተወለዱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዶክትሬታቸውን ያገኙት አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደህና ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን መድኃኒት ተገኘ ብሎ እዚያው ባወጀ! እሳቸው በሕይወት ያሉትን ሰብስበው አረፋውን አስጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ቀጥሎ ላቦራቶሪ ገቡ። ከዚያም እንደገና ወደ ወንዙ ተመለሱ፤ ቀንድ አውጣ በብርጭቆ ውስጥ ስለሞተ ሕፃን ዳነ ማለት አይደለማ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር ቆየ። ከትናንሽ ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ።

ታዲያ ይህን ቁጥር ይዘን ጋይንት እንውጣ? ነፋስ መውጫ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ቀንድ አውጣው በዚያ ብርድ አይራባም። እዚያ እንዶዱን አይቶ፣ በሽታውን ግን አጥቶ፣ እንዶዱ አጠፋው ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ብርዱን ረስቷል። ወደ ጣና ብንወርድ ደግሞ ሐይቅ እንደ ጅረት አይታከምም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ አጥማጁ ምን ይብላ? ቀንድ አውጣውም ተመልሶ ስለሚራባ እንዶዱ በየጊዜው መጨመር አለበት። እዚህ ላይ ነገሩ ከኬሚስትሪ ወጥቶ የሰው ጉዳይ ይሆናል፦ ማን ይለቅማል? ማን ይወቅጣል? በአጨዳ ወራትስ ማን ይመጣል? እኛም በልምምድ ጊዜ በአንድ ክፍል የሠራልንን ዘዴ ለወረዳው ሁሉ ይበጃል ብለን ስንጽፍ እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች መቼ ጠየቅን?

አክሊሉን ያስመረራቸው የዚህ ግልባጭ ነበር። የውጭ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የተገኘውን ውጤት በራሳቸው ላቦራቶሪ ሳይደገም አናምንም ብለው ብዙ ዓመት አጓተቱት። መጠራጠራቸው ባልከፋ፤ ግን የአድዋ ልጆች የዳኑት አድዋ ነው።

በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ። በ1966 የመሠረቱት የአዲስ አበባው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።