አባ ተስፋ ጽዮንና የመጀመሪያው የታተመ የግእዝ ሐዲስ ኪዳን

ልጆች! ትምህርታችንን ከመጀመራችን በፊት በእጃችሁ የያዛችሁትን መጽሐፍ ጠጋ አድርጋችሁ ተመልከቱት። በዚህ ገጽ ላይ ስንት «መ» አለ? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን አላለም። አጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ የያዘውም መጽሐፍ ቢሆን ፊደሉ፣ መስመሩ፣ ገጹ ልክ እንደ እናንተው ነው። ይህ የሆነው መጽሐፉ በእጅ ስላልተጻፈ ነው። ታትሟል።

ዛሬ የምንማረው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላሳተሙት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ስለ አባ ተስፋ ጽዮን ነው። እርሳቸው ካረፉ ከ470 ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ትምህርት ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ የፈለገ 7 ወይም 8 ይቀንስ።

አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ነበሩ። በዚያ ዘመን በአገራችን መጽሐፍ የሚዘጋጀው እንዴት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ? በመጀመሪያ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ጠጉሩና ሥጋው እየተፋቀ ይደርቃል። ይህ ብራና ይባላል። ቁም ጸሐፊው ደግሞ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ ለጽሑፉ ጥቁር፣ ለቅዱሳን ስም ቀይ። መቃውን ቀርጾ፣ ብራናውን አስምሮ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፊደል በፊደል ይጽፋል። አንድ ወንጌል ለመጻፍ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ፍየልም ይታረዳል። ሌላ ወንጌል የሚፈልግ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ ቁም ጸሐፊው እንደ ገና ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ መጽሐፍ ውድ ነበር፤ ጥቂትም ነበር።

በ1529 ሽምብራ ኩሬ በተባለው ቦታ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየተዛመተ እስከ 1543 ድረስ ቆየ። በዚህ መካከል ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጠሉ። ደብረ ሊባኖስም ተቃጠለ። ልጆች፣ ቤት ቢቃጠል እንደ ገና ይሠራል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ ሲቃጠል ግን ከየት አምጥተው ይጽፉታል? የሚገለብጡበት የለም እኮ!

አባ ተስፋ ጽዮን በእነዚህ ዓመታት ከአገራቸው ወጥተው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በ1530ዎቹም መጨረሻ ገደማ ሮም ደረሱ። በሮም ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የሚባሉ ወንድሞች መነኮሳት አብረዋቸው ነበሩ። ጣሊያኖቹ የአባን ስም መጥራት ስላስቸገራቸው ነው መሰለኝ ጴጥሮስ ይሏቸው ነበር።

በሮም ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ ቤት ከአባ ተስፋ ጽዮን በፊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። በእግራቸው፣ በግመልና በመርከብ ተጉዘው የደከሙ መነኮሳት እዚያ ያርፋሉ፤ ማታና ጠዋትም በግእዝ ይጸልያሉ። አባም የገቡት እዚሁ ነው። የቤቱም አለቃ ሆኑ።

ስለዚህ ቤት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አባ ወደ ሮም ከመምጣታቸው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው፣ ኮሎኝ በጀርመን አገር ያለች ከተማ ናት፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ መነኮሳቱ ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም። ነገር ግን የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ። ይህ ምን ቋንቋ ነው ብሎ ተጠጋቸውና ከመነኮሳቱ ከአንዱ፣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባሉት፣ ግእዝ ተማረ። ከዚያም በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በዓለም ላይ በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ዳዊት ነው። የሚገርመው ግን ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ጠራው! የአውሮፓ ሊቃውንትም ይህን የተሳሳተ ስም ለብዙ ዘመን ይዘውት ኖሩ። ፖትከን በኋላ የግእዙን ፊደል ይዞ ወደ ኮሎኝ ተመለሰና በ1518 እዚያም ዳዊትን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር አሳተመ።

አሁን ኅትመት ምን እንደሆነ እንመልከት። ይህን ካላወቃችሁ የአባ ድካም አይገባችሁም። በአውሮፓ በሚንቀሳቀስ የብረት ፊደል ማተምን የጀመረው ዮሐንስ ጉተንበርግ የተባለ የማይንዝ ከተማ ሰው ነው። በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን በላቲን ቋንቋ አተመ፤ የታተሙት ቅጂዎች 180 ያህል እንደ ነበሩ ይገመታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ባለሙያው በአንድ ጠንካራ ብረት ጫፍ ላይ ፊደሉን ይቀርጻል። ታዲያ ፊደሉ የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው። ለምን? ስማችሁን በወረቀት ላይ ጻፉና በመስታወት ፊት ያዙት፤ መስታወቱ ውስጥ የምታዩት ዓይነት ሆኖ ካልተቀረጸ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ አይነበብም። ማኅተምም እንዲሁ ነው። ይህን ብረት መዳብ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ሲመቱት የፊደሉ ቅርጽ መዳቡ ውስጥ ይሰረጉዳል። በዚያ ጕድጓድ ላይ የቀለጠ እርሳስ ከቆርቆሮ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ራሱ ላይ ፊደል ያለበት ትንሽ ዘንግ ይወጣል። አንዱ ቅርጽ ካለ አንድ መቶም ሁለት መቶም «መ» ማውጣት ይቻላል። በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት ምክንያት ከዚህ የመጣ ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ ሥራው በኮምፒዩተር ቢሆንም።

ፊደላቱ ብዙ ክፍል ባለው ሣጥን ውስጥ በየዓይነታቸው ይቀመጣሉ። ፊደል ለቃሚው ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ እያየ ከሣጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል። ገጹ ሲሞላ ከበው አጥብቀው ያስሩታል፤ ከዘይትና ከጥቀርሻ የተሠራ ቀለም ይቀቡታል፤ ርጥብ ያለ ወረቀት ያለብሱትና እንደ ወይን መጭመቂያ ባለ ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ይጫኑታል። ወረቀቱ ተነሥቶ በገመድ ላይ ይሰጣል። ሌላ ወረቀት፤ እንደ ገና ሌላ። የሚፈለገው ሁሉ ከታተመ በኋላ ፊደላቱ ታጥበው ወደየክፍላቸው ይመለሱና ለሚቀጥለው ገጽ ይለቀማሉ።

እስቲ አስቡ፤ የላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ብትቆጥሩ ሃምሳ ያህል ነው። የግእዝስ? ከሀ እስከ ፐ 26 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ሲሆኑ 182 ይሆናሉ። እንደ ኰ እና ጐ ያሉትን 20 ስትጨምሩባቸው 202። ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ገና አልቆጠርንም። ይህ ሁሉ ይቀረጻል፤ ይፈስሳል፤ በሣጥን ይለያል።

አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ሥራ የጀመሩት በሮም የነበሩ ሊቃውንት ወዳጆቻቸው ስለሆኑ ነው። ላቲንና ጣሊያንኛ ተማሩ፤ ለጣሊያኖቹም ግእዝ አስተማሩ። የአሬትሶው ጴጥሮስ ጳውሎስ ጓልቲየሪና የሪዬቲው ማሪያኖ ቪቶሪ በሥራው ረዷቸው። ለኅትመቱ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ የሮማው ፖፕ ጳውሎስ 3ኛ ናቸው። እናንተ እንደምታውቁት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ቤተ ክርስቲያን የምትለይበት ነገር አለ፤ አባ በሮም በነበሩበት ጊዜ ስለዚህ ስለነበራቸው አቋም ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። ይህን ስታድጉ ታነቡታላችሁ። ለዛሬው ግን ወደ ማተሚያ ቤቱ እንግባ።

የማተሚያው ባለቤት ቫሌሪዮ ዶሪኮ ይባላል፤ ወንድሙ ሉዊጂም አብሮት ይሠራ ነበር። ጎበዝ አታሚዎች ናቸው። ነገር ግን ፊደል ለቃሚዎቹ የግእዝ ፊደል ማንበብ አይችሉም! አባና ወንድሞቻቸው ደግሞ ማንበቡን ይችላሉ እንጂ የኅትመት ሥራ ከቶ አያውቁም። ምን ይደረግ? ለቃሚው የብራናውን መልክ እያየ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን እያነጻጸረ ይለቅማል። ሉ እና ሊ ለማያውቅ ሰው ምን ልዩነት አላቸው? ቅጥያዋ አንድ ጊዜ መካከል ላይ፣ አንድ ጊዜ እግሩ ሥር ናት፤ በቃ። ያውም ተገልብጣ። ለእኛ ግን አንዷ ቅጥያ ስትዘዋወር ቃሉ ይለወጣል።

በእጅ ሲጻፍ ቁም ጸሐፊ ቢሳሳት ስሕተቱ የዚያ የአንዱ መጽሐፍ ብቻ ነው። በኅትመት ግን የተሳሳተ ፊደል በታተመው ወረቀት ሁሉ ላይ ይወጣል። ኅትመት ቶሎ ያበዛል፤ ስሕተትንም አብሮ ያበዛል። ስለዚህ በኅትመት ቤት አንድ ወረቀት በቅድሚያ ታትሞ ይነበባል፤ የተሳሳተው ፊደል በወስፌ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። ይህን የሚያነብ ሰው አራሚ ይባላል። አባ ተስፋ ጽዮንና ወንድሞቻቸው አራሚዎች ነበሩ። ግእዙን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ድካሙ በአብዛኛው በእነርሱ ዓይን ላይ ወደቀ።

ሌላም ችግር ነበረ። በእጃቸው ያለው የብራና መጽሐፍ ሙሉ አልነበረም፤ የሐዋርያት ሥራ አብዛኛው ጎድሏል። በሮም ከተማ ከየት ሌላ የግእዝ ቅጂ ይመጣል? ወደ አገር ቤት ተልኮ እንዳይመጣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አገሩም ከጦርነቱ ገና አላገገመም። ስለዚህ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ ተረጐሙት። እንዲህ ማድረጋቸውን ግን አልደበቁም፤ መጽሐፉ ውስጥ ገለጡት። አንባቢው የትኛው ከአባቶች ብራና እንደ መጣ፣ የትኛው በሮም እንደ ተተረጐመ እንዲያውቅ ነው። በእኔ አስተያየት አባ ከሠሩት ሁሉ ይህ ትልቁ ነው፤ ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር?

ወንጌላቱና ሌሎቹ ክፍሎች በ1548 ታተሙ። የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በ1549 ተጨምረው ሐዲስ ኪዳኑ ተፈጸመ። ሥርዓተ ቅዳሴም አብሮ ታትሟል። አባም በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢዎች ይቅርታ ጠየቁ። አታሚዎቹ ፊደሉን እንደማያነቡ፣ እነርሱም የኅትመትን ሥራ እንደማያውቁ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው እየተረዳዱ እንደ ሠሩት አስረዱ፤ ስለ ፊደላቱ ስሕተት ይቅር እንዲባሉም ለመኑ።

ከዚያ በኋላ አባ ብዙ አልቆዩም። በ1551 በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለሚኖሩት መነኮሳት የአኗኗር ሥርዓት ጻፉ። በ1552 ተማሪያቸው ማሪያኖ ቪቶሪ የግእዝን ሰዋስው በላቲን ጽፎ አሳተመ፤ አውሮፓውያን የግእዝን ቋንቋ የተማሩበት የመጀመሪያው የሰዋስው መጽሐፍ ይህ ነው። (እርሱም ቢሆን ከለዳዊ የሚለውን ስም አልተወም።) በዚያው ዓመት አባ ተስፋ ጽዮን ከሮም ትንሽ ራቅ ባለች ቲቮሊ በምትባል ከተማ ዐረፉ። ገና የአርባ ዓመት ጎልማሳ ያህል ነበሩ። የተቀበሩትም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል።

መጽሐፋቸው ግን ተጓዘ። በ1657 በለንደን ብሪያን ዋልተን የተባለ ሊቅ መጽሐፍ ቅዱስን በብዙ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲያሳትም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰደው ከአባ ተስፋ ጽዮን ኅትመት ነው። የለንደኖቹም ፊደል ለቃሚዎች ግእዝ አያነቡም ነበርና የሮሙን ስሕተት ከነመልኩ ለቀሙት፤ የራሳቸውንም ጨመሩበት።

የማተሚያ መሣሪያ ወደ እኛ አካባቢ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1863 ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው በምጽዋ ላዛሪስት የሚባሉ ሚሲዮናውያን አንድ ማተሚያ አቋቋሙ፤ የአባ ሥራ ከተፈጸመ 314 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ደግሞ በ1921 ነው። በዚያ ሣጥኑ ፊት ይቆም የነበረው ለቃሚ ሉ እና ሊን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የሚለቅመውንም እያነበበ ይለቅም ነበር።