ስማቸው ያልተጻፈ የላንሴት ሰዎች

እኔ እንጀራዬን የማገኘው በአንድ የሕክምና መጽሔት ውስጥ በረዳት አዘጋጅነት ነው። ዓመት ሲያልቅ የረዱንን ሐኪሞች ስም አሰባስቤ የምስጋና ገጽ አዘጋጃለሁ። እነዚህ ሰዎች ቀን ሕመምተኛ ሲያዩ ውለው ማታ የሌላ ሰው ጥናት ውስጥ ስህተት ይለቅማሉ፤ ለዚህ ድካማቸው ሳንቲም አይከፈላቸውም። ባለፈው ዓመት ታዲያ የአንዲት ሐኪም ስም ዘለልሁ። አሥራ አንድ ጽሑፍ የመረመረችልን ሰው ናት! ይቅርታ ስጠይቃት ስቃ አለፈችው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የቶማስ ዌክሊን ታሪክ እንደገና ማገላበጥ የጀመርሁት በዚያ ሰሞን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዌክሊ በ1795 በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን ግዛት፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ለንደን ገብቶ ተማረና በ1817 የቀዶ ሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። በ1820 አገባ፣ ደህና ቤትም ያዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ሌሊት መጥተው ደበደቡት፤ ቤቱም ተቃጠለ። በመንግሥት ላይ አሢረዋል የተባሉ ሰዎች ተሰቅለው አንገታቸው ሲቆረጥ፣ ፊቱን ሸፍኖ የቆረጠው እሱ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ተነዝቶበት ነበር። ኢንሹራንሱም ቤቱን ያቃጠለው ራሱ ነው ብሎ አልከፍልም አለ፤ በ1821 ዌክሊ ተከራክሮ ረታ። ሰውየው እልኸኛ የሆነው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

በጥቅምት 5 ቀን 1823፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ላንሴት የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት ጀመረ። ላንሴት ማለት ሐኪም እባጭ የሚበጣበት ስለት ነው። የመጽሔቱ ዋጋ ስድስት ፔንስ ነበር። በዚያ ዘመን በለንደን ታላላቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ሹመት በዘመድ ነበር፤ ሊቃውንቱም ተማሪን ብዙ ገንዘብ እያስከፈሉ ያስተምራሉ። ዌክሊ ትምህርታቸውን እያተመ በየገጠሩ ላለ ሐኪም ሁሉ አደረሰው።

ታዲያ በየአዳራሹ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝለት ማን ነበር? ዝናው የገነነው ሰር አስትሊ ኩፐር ነገሩን ጠርጥሮ ድንገት ዌክሊ ቤት ቢሄድ፣ የገዛ ትምህርቱን የኅትመት እርማት ሲያርም አገኘው ይባላል። ከመቆጣት ይልቅ ሳቀ፤ ስሙ እንዳይጠቀስ ብቻ አስማምቶት ወጣ። ጆን አበርነቲ ግን አልሳቀም፤ ፍርድ ቤት ወሰደውና በ1825 ለጊዜውም ቢሆን አሳገደው።

ከመጽሔቱ በስተጀርባ የነበሩት ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም። የንጉሡ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ዋርድሮፕ፣ የቤተ መንግሥት ባልደረቦቹ የተጻጻፉት አስመስሎ የሚያሾፉ ደብዳቤዎችን በምስጢር ይጽፍለት ነበር። ዊልያም ሎውረንስም በ1826 የቀዶ ሐኪሞችን ኮሌጅ ለመቃወም የተጠራውን ስብሰባ በሊቀ መንበርነት መርቷል። በ1828 ግን ኮሌጁ የምክር ቤቱ አባል ሲያደርገው ወደ እነሱ ዞረ፤ ዌክሊም በመጽሔቱ አልማረውም። እኔ እዚህ ላይ ዌክሊን አልወድለትም፤ የትናንት ውለታን በአንድ ቀን መርሳት ይችልበት ነበር። ይሁንና የዋርድሮፕን ስም አውጥቶ ቢያመሰግነው ኖሮ ሰውየው ከቤተ መንግሥት ይባረር ነበር። ስም መደበቅ የውለታ መክፈያ የሆነበት ጊዜ ነበር።

በ1828 የደረሰው ሌላ ነው። የአስትሊ ኩፐር የወንድም ልጅ ብራንስቢ ኩፐር ከአንድ ሰው ፊኛ ጠጠር ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም። ሌላው በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰውን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀበት፤ ሰውየው በማግስቱ ሞተ። ይህን አይቶ የጻፈው የላንሴቱ ዘጋቢ ጄምስ ላምበርት ነበር። ዌክሊ ተከሰሰ። ከሳሹ 2,000 ፓውንድ ቢጠይቅ 100 ተፈረደለት፤ የዌክሊን ወጪ ሕዝብ አዋጥቶ ሸፈነለት። ሕዝቡ ያዋጣው ለአዘጋጁ ነው። ላምበርትን ግን ዛሬ ስንት ሰው ያውቀዋል?

ዌክሊ ከ1835 እስከ 1852 የፓርላማ አባል፣ ከ1839 ጀምሮም እስኪሞት ድረስ የአሟሟት መርማሪ ዳኛ ነበር። ይህን ሁሉ ደርቦ ሲሠራ መጽሔቱ በየሳምንቱ ይወጣ ነበር፤ በባልደረቦቹ ትከሻ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ አርተር ሂል ሃሳል ነው። ከ1851 እስከ 1854 በለንደን የሚሸጠውን ምግብ እየገዛ በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከ49 የዳቦ ናሙናዎች አንዱም ከሸብ ነጻ አልተገኘም፤ ቡናው በቺኮሪ ሥር፣ በርበሬው በእርሳስ ቀለም ተደባልቆ ነበር። ዌክሊ የነጋዴዎቹን ስም ከነአድራሻቸው አተመ፤ የመጣው ክስ በእኔ ይሁን ብሎ። ዘገባው ይወጣ የነበረው በኮሚሽን ስም ነው፤ በ1855 ተጠርዞ መጽሐፍ ሲሆን ግን የሃሳል ስም ተጻፈበት። በ1860 ምግብ መበረዝን የሚከለክል የመጀመሪያው አጠቃላይ ሕግ ወጣ።

ዌክሊ ሳንባው ታሞ ግንቦት 16 ቀን 1862 በማዴይራ ደሴት አረፈ። ልጁ ጄምስ አዘጋጅነቱን ተረከበ። በመጽሔቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ያገለገለው ጄምስ ፈርናንዴዝ ክላርክ ደግሞ በ1874 የዚያን ዘመን ሐኪሞች ትዝታ በመጽሐፍ አወጣ፤ ከዝግ በር ጀርባ የነበረውን ብዙውን ነገር ያወቅነው እንደሱ ካሉት ነው።

እኔም የዘንድሮውን ዝርዝር ጀምሬአለሁ። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለሚሄዱ የእሷ ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ አየዋለሁ።