ከእርሻ ቀዬ የወጣ የሞተር ብልጭታ፡ የቻርለስ ኬተሪንግ ሕይወት

ባሕር ዳር፦ ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ድልድዩን በመሻገር ወደ ከተማው መሐል የሚዘልቅ አሮጌ የቤንዚን መኪና፣ ቁልፉ በተዞረ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ ሐሳብ ይቀሰቅሳል። ባትሪ፣ ኮይል፣ ፑንቲና፣ ዲስትሪቢዩተርና ካንዴላ እየተቀባበሉ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ ይወልዳሉ። ይህን ሰንሰለት አስማምቶ ለመኪና ያበቃው ሰው የባለጸጋ ወራሽ አልነበረም፤ ዓይኖቹ ንባብ የማይችሉለት የገበሬ ልጅ ነበር። ስሙም ቻርለስ ኬተሪንግ ይባላል።

ዛሬ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ፑንቲናውን አስወጥተው በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ማስተካት ይሻሉ። ገንዘቡ ወጥቶ አዲሱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ግን መኪናው አልነሣ የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ችግር መፍቻው ብዙ ጊዜ ሌላ አዲስ ዕቃ መግዛት አይደለም። የኬተሪንግ ሕይወት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ሰውዬው ለዓለም ያበረከተው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ብልሽትን ደረጃ በደረጃ ተከትሎ የማግኘት ልማድም ነበርና።

ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1876 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሎደንቪል በተባለች ትንሽ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የእርሻ ቤት ተወለደ። በወጣትነቱ በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ኋላም የምሕንድስና ትምህርት ለመቅሰም ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይሁን እንጂ የዓይኑ ሕመም ጸናበትና ትምህርቱን አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ።

ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ የገባበት ሥራ የስልክ መስመር ዝርጋታ ነበር። ከሠራተኞች ጋር ለምሰሶ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሽቦ ዘረጋ። የመስመር ሥራ የራሱ ትምህርት አለው። ድምፅ ሲጠፋ ብልሽቱ ያለው ከየትኛው ምሰሶ ወዲህ፣ ከየትኛው ወዲያ እንደሆነ የሚታወቀው መስመሩን ተከትሎ በመሄድ እንጂ በግምት አይደለም። ኬተሪንግ ይህን ትምህርት በእጁም በእግሩም ተማረው። ጤናው ሲመለስለት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ፣ ጓደኞቹ መጽሐፉን እያነበቡለት፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በዓመቱም ኦሊቭ ዊልያምስን አገባ።

ከምረቃው በኋላ በዴይተን ከተማ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በሚያመርተው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያም በእጅ የሚዞረውን ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አደረገ። ከዚህ ሥራ ያገኘው ዕውቀት ሕይወቱን ቀየረው። አንድ ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ ከባድ ሸክም ሊሸከም አይችልም፤ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ከሆነ ግን ከመጠኑ በላይ ኃይል ሊያወጣ ይችላል።

በዚሁ ኩባንያ የተዋወቀው ኤድዋርድ ዲድስ የተባለ ሰው በቤቱ ጓሮ ጎተራ ነበረው። ሁለቱ ወዳጆች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ማታ ማታና በዕረፍት ቀናት በዚያ ጎተራ መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያ ዓላማቸው የመኪናን ማቀጣጠያ ማሻሻል ነበር። የዘመኑ ማቀጣጠያ ብልጭታን በተከታታይ እየረጨ ደረቅ ባትሪን ቶሎ ይጨርስ ነበር። ኬተሪንግ ለእያንዳንዱ ማቀጣጠል አንድ ጠንካራ ብልጭታ ብቻ የሚሰጥ፣ ባትሪንም የሚቆጥብ ሥርዓት ሠራ። የካዲላክ ኩባንያ መሪ ሄንሪ ሌላንድ ሥራውን አይቶ 8 ሺህ ማቀጣጠያ አዘዘ። ፋብሪካ ያልነበራቸው የጎተራው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ።

ከዚህ ጅማሮ የተነሣውና ለአሥርት ዓመታት የዓለምን የቤንዚን መኪኖች ያሠራው ሥርዓት አሠራሩ ቀላል ነው። ፑንቲናው ሲገጥም የባትሪው ኃይል በኮይሉ ወፍራም ሽቦ ውስጥ አልፎ መግነጢሳዊ ኃይል ያጠራቅማል። ፑንቲናው ሲከፈት ያ የተጠራቀመ ኃይል በድንገት ይፈርሳል፤ በፈረሰበት ቅጽበትም በኮይሉ ቀጭን ሽቦ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። ዲስትሪቢዩተሩ ይህን ኃይል ተራው ለደረሰው ካንዴላ ያድላል። ኮንዴንሰሩ ደግሞ ፑንቲናው ሲከፈት እሳት እንዳይበላው ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ በዓለም ያለ የቤንዚን መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሣው በማኖቤላ ነበር። ማኖቤላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታም ክንድና መንጋጋ ይሰብራል። የሌላንድ ወዳጅ የነበረው የመኪና ሠሪው ባይረን ካርተር የሞተው በእንዲህ ያለ አደጋ ባገኘው ጉዳት ሰበብ እንደሆነ ይነገራል። ሌላንድም ማኖቤላን የሚያስቀር መሣሪያ ከኬተሪንግ ጠየቀ። ብዙ መሐንዲሶች ሞተርን ለማስነሣት የሚበቃ የኤሌክትሪክ ሞተር የመኪናውን ያህል ይገዝፋል ብለው ያምኑ ነበር። ኬተሪንግ ግን የገንዘብ መመዝገቢያውን ማሽን አልረሳም። ለጥቂት ቅጽበት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ገጠመ፤ ተሳካለትም። የ1912ቱ ካዲላክ በሞተሪኖ እየተነሣ፣ መብራቱም በኤሌክትሪክ እየበራ ለገበያ ቀረበ።

ኬተሪንግ ያደገበትን የገጠር ጨለማም አልዘነጋም። ዴልኮ በቤንዚን ሞተር ባትሪ እየሞላ ለእርሻ ቤቶች ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አዘጋጅቶ የመብራት መስመር ላልደረሳቸው ገበሬዎች ሸጠ። ፓምፕና ልዩ ልዩ የቤት መሣሪያም በዚሁ ኃይል ይሠራ ጀመር።

የሰውዬው ማቀጣጠያ ብዙ ቢያገለግልም ፑንቲና ብረት ነውና ይቃጠላል፤ ይበላል። ክፍተቱ ሲለወጥ የብልጭታው ሰዓት ይዛባል፤ ቤንዚንም ይባክናል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመኪና ፋብሪካዎች ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ መክፈቻና መዝጊያ ተኩት። በባሕር ዳር ጎዳናዎች የሚርመሰመሱት ባጃጆችም ብልጭታቸውን የሚያገኙት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ባትሪውና ኮይሉ፣ ዲስትሪቢዩተሩና ካንዴላው ግን በተለወጡት አሮጌ መኪኖች ላይ ባሉበት ይቀራሉ። ችግሩም የሚነሣው አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ሽቦ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው።

የስልክ መስመር ሠራተኛው ልማድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ፍለጋው ከባትሪ ተነሥቶ ወደ ካንዴላ ይሄዳል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ከ10 ቮልት እጅግ ከወረደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያው ሥራውን ላይጀምር ይችላል። ቀጥሎ የሚለካው ቁልፉ ተከፍቶ ወደ ኮይሉና ወደ አዲሱ መሣሪያ የሚደርሰው ኃይል ነው። ብዙ አሮጌ መኪኖች ከቁልፍ ወደ ኮይል በሚሄደው መስመር ላይ ኃይል ቀናሽ ሬዚስተር አላቸው። ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ይህ ሬዚስተር፣ ሙሉ 12 ቮልት የሚሻውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስርበዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ኃይሉን ከሬዚስተሩ በፊት ማግኘት አለበት።

ሞተሩ የሚሰጠው ምልክትም ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ለማስነሣት ተይዞ ሳለ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ቢጠፋ፣ በማስነሻ ጊዜ ኃይል የሚያደርሰው መስመር ደኅና ነው፤ የተቋረጠው ከዚያ በኋላ የሚያገለግለው መስመር ወይም ሬዚስተሩ ነው። በተቃራኒው ሞተሪኖው ሲዞር ብልጭታ ጠፍቶ ቁልፉ በተለቀቀበት ቅጽበት ብቅ ካለ፣ አዲሱ መሣሪያ በማስነሻ ጊዜ ኃይል ከማያገኝ ሽቦ ጋር ታስሯል ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመረመረው የኔጌቲቭ መስመር ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩና እስከ ዲስትሪቢዩተሩ አካል ያለው ግንኙነት በዝገት፣ በቀለም ወይም በቅባት ከታፈነ መሣሪያው ይደናበራል። ሞተሪኖው እየዞረ በባትሪው ኔጌቲቭና በዲስትሪቢዩተሩ አካል መካከል ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ፣ ዕቃ ከመቀየር በፊት ግንኙነቱን መፋቅና ማጥበቅ ይገባል።

አሮጌው ኮይልም ከአዲሱ መሣሪያ ጋር መስማማት አለበት። የውስጥ ተቃውሞው ከተፈቀደው ያነሰ ኮይል ከመጠን በላይ ኃይል እየሳበ መሣሪያውን ያቃጥላል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መገልበጥ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መተው፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀልም ይገድሉታል። የፑንቲናው ኮንዴንሰር ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን የመሣሪያው መመሪያ ይወስናል። ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የብልጭታው ሰዓት እንደገና መለካት አለበት። ብልጭታ በሚፈተንበት ጊዜ ገመዱን በባዶ እጅ መያዝም ሆነ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ መሞከር አደጋ አለው።

በፎገራ ሜዳና በጣና ዳርቻ መስኖ የሚያጠጣው ገበሬ የሚጠቀምበት ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ብልጭታውን የሚያገኘው ያለ ባትሪ፣ በሞተሩ ላይ ከሚሽከረከር ማግኔት ነው። የፍለጋው መንገድ ግን አንድ ነው። የማጥፊያው ሽቦ ተልጦ ከብረቱ ጋር ከተነካካ ብልጭታ አይኖርም፤ አንዳንድ ፓምፖችም የዘይታቸው መጠን ሲያንስ ብልጭታውን ራሳቸው ያቋርጣሉ። ሽንኩርቱ ውኃ በሚሻበት ሰሞን ያለ ምርመራ አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል።

አዲስን ከአሮጌ ማዛመድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኬተሪንግ ራሱ በውድቀት ተምሯል። የጄኔራል ሞተርስ የምርምር መሪ ከሆነ በኋላ ውኃ የማይሻ፣ በመዳብ ክንፎች በኩል በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሠራ። ሞተሩ በሙከራ ቤት ተስፋ ቢሰጥም እ.ኤ.አ. በ1923 በሸቭሮሌ መኪና ላይ ተገጥሞ መንገድ ሲወጣ ከመጠን በላይ ጋለ፤ ኃይሉም ደከመ። ኩባንያው የተሠሩትን ጥቂት መቶ መኪኖች ከገበያ ሰበሰበ። ኬተሪንግ ሥራውን ለመልቀቅ ቢጠይቅም ኩባንያው አልለቀቀውም።

ከዚህ የከበደው ጥላ ግን የመጣው ከሌላ ድል ነው። የዴልኮ ማቀጣጠያ ያላቸው ሞተሮች ኮረብታ ሲወጡ ያንኳኩ ስለነበር ብዙዎች ጥፋቱን በማቀጣጠያው ላይ ጣሉ። ኬተሪንግ ጉዳዩን እንዲመረምር ቶማስ ሚጅሊ የተባለውን መሐንዲስ መደበ። ምርመራው ማንኳኳቱ የሚመጣው ከብልጭታው በኋላ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የነዳጁ እንጂ የማቀጣጠያው እንዳልሆነ አረጋገጠ። ብልሽቱ በትክክል ተገኘ። የተመረጠው መድኃኒት ግን መርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ሚጅሊ የእርሳስ ውሕድ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ አወቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1924 ውሕዱን የሚያመርቱ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። ሐኪሞችም አስጠነቀቁ። ኬተሪንግና ባልደረቦቹ ግን ምርቱን ገፉበት። ሊድ ያለበት ቤንዚን የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ጭስ በዓለም ከተሞች ሁሉ ሲረጭ ኖረ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች የተሰናበቱት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መግቢያ ሲሆን በዓለም የመጨረሻው ሽያጭ የቆመው በ2021 በአልጄሪያ ነው።

ኬተሪንግ የምርምር ቤቱን እስከ 1947 እ.ኤ.አ. መራ። በሕይወት ዘመኑ ከ180 በላይ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫዎች አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1945 ከአልፍሬድ ስሎን ጋር በኒውዮርክ የካንሰር ምርምር ተቋም እንዲመሠረት ረድቷል፤ ተቋሙም ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር፣ በ25ኛው ቀን 1958 በ82 ዓመቱ በዴይተን አረፈ።

የሕይወቱ ሚዛን ሁለት ጎን አለው። ብልሽትን ሳይገምት እግር በእግር መከተሉ ማኖቤላን አስቀርቶ ብዙ ክንድ ከመሰበር አድኗል፤ የእርሻ ቤቶችንም አብርቷል። መድኃኒቱ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንደ ብልሽቱ አጥብቆ አለመመርመሩ ደግሞ ትውልድ የተነፈሰውን አየር መርዟል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሞተር ደግሞ በሽታውን አይደብቅም። ጋራዥ ውስጥም ሆነ ማሳ ዳር፣ ብልሽቱን ያገኘ ሰው ቀሪ ሥራው መፍትሔው ምን እንደሚያበላሽ መጠየቅ ነው።