ወባን በሂሳብ የተከታተለው ሐኪም

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ዛሬ ልጅ እንኳን ያውቃል። ይህን በማስረጃ ያሳየው ሐኪም ከዚያ በኋላ ከሂሳብ ጋር ሲታገል መኖሩን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ሰውዬው ሮናልድ ሮስ ይባላል።

ሮስ እ.ኤ.አ. በ1857 ህንድ ውስጥ አልሞራ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር መኮንን ነበር። ልጁ ወደ ስነ ጽሁፍ ቢያደላም በአባቱ ግፊት ህክምና ተማረና በህንድ የጦር ሐኪም ሆነ። በ1897 ሴኩንደራባድ ውስጥ የወባ በሽተኛ ደም የጠጣች ትንኝ ቀዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሆዷ ግድግዳ ላይ ተውሳኩን አገኘ። በዓመቱ ደግሞ ካልካታ ላይ በሽታው በንክሻ እንደሚተላለፍ በወፎች አረጋገጠ። በ1902 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ታዲያ ጠላት ከታወቀ ማጥፋት ነው፤ ሌላ ምን አለ? ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። በ1901 ላሆር አጠገብ ሚያን ሚር በተባለ የጦር ሰፈር ትንኝን ለመቀነስ የተጀመረው ሙከራ ውጤት አላመጣም ተባለ። ትንኝን ጨርሶ ማጥፋት ስለማይቻል ልፋቱ ከንቱ ነው የሚሉ በዙ።

ሮስ መልሱን በሂሳብ ፈለገ። በ1907 ወባ ወዳስጨነቃት ሞሪሸስ ሄደ፤ በ1908 ባወጣው ሪፖርትም ስሌቱን አቀረበ። ጥያቄዎቹ እንዲህ ናቸው፦ ከነዋሪው ስንቱ ታሟል? ለአንድ ሰው ስንት ትንኝ ይደርሰዋል? ከነሱ ስንቷ ሰው ትነክሳለች? ተውሳኩ ውስጧ እስኪበስል ድረስስ ስንቷ በህይወት ትቆያለች? እነዚህ ሲባዙ አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየው። ትንኞቹ ከተወሰነ ቁጥር በታች ከወረዱ አንዱ በሽተኛ ሌላ በሽተኛ ሳይተካ ይድናል፤ ወባውም ቀስ በቀስ ይከስማል። ሁሉንም ትንኝ መግደል አያስፈልግም ማለት ነው።

ሮስ በ1932 ለንደን ውስጥ አረፈ። በ1950ዎቹ ጆርጅ ማክዶናልድ ስሌቱን አስፋፍቶ የትንኟን እድሜ ማሳጠር ቁጥሯን ከመቀነስ ይበልጥ እንደሚጠቅም አሳየ።

ዛሬ ወደ ወባማ አገር የሚሄድ መንገደኛ ምን ያህል ለበሽታው እንደሚጋለጥ የሚገመተው በዚሁ መንገድ ነው፦ ስንት ሌሊት ያድራል፣ በሌሊት ስንቴ ይነከሳል፣ ከነካሾቹ ስንቷ ተውሳክ ይዛለች? ከደጋ ተነስቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ለሚወርደው የኛ ሰራተኛም ሂሳቡ ያው ነው። ሌሊቱን መቀነስ አይችልም፤ እንጀራው ነውና። ንክሻውን ግን በአጎበር መቀነስ ይቻላል።