ፊሊፕ ጎስና የባሕር አበቦች

ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ዓመት በእንግሊዝ አገር ዎስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከአገር ወደ አገር እየዞረ የሰው መልክ የሚሥል ድኻ ሠዓሊ ነበረ። ስለዚህ ልጁ በ17 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ወደምትባል ደሴት ሄደ፤ በዚያም በነጋዴ ቤት ጸሓፊ ሆነ። በሥራው ሰዓት ሒሳብ ይጽፍ፥ በዕረፍቱ ጊዜ ግን ትንንሽ ነፍሳትን ይመረምር ነበር። እግዚአብሔርንም የሚፈራ ሰው ነበረ፤ ፍጥረትን መመርመር ፈጣሪን ማመስገን እንደ ሆነ ያምን ነበር።

በ1852 ዓመት ጤና ስላጣ ከለንደን ወጥቶ ዴቨን በምትባል አውራጃ በባሕር ዳር ተቀመጠ። በዚያ ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፥ ደግሞም ይሸሻል። ሲሸሽ በዓለቱ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይቀራል። በዚያ ውሃ ውስጥ አኔሞኒ የሚባሉ ፍጥረቶች ከድንጋዩ ጋራ ተጣብቀው ይኖራሉ። ላያቸው ሰው አበባ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እንስሳት ናቸው። የአበባ ቅጠል የሚመስለው በአፋቸው ዙሪያ ያለው እጃቸው ነው፤ በእርሱም ትንንሽ እንስሳትን እየነደፉ ይበላሉ።

ጎስ የባሕር ውሃና የባሕር ሣር በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ እነዚህን እንስሳት በቤቱ አኖረ። ሣሩ ብርሃን ሲያገኝ ለመተንፈስ የሚሆናቸውን አየር ስለሚሰጥ በሕይወት ቈዩ። ይህንንም በ1854 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ለሰው ሁሉ አስተማረ፤ ዕቃውም አኳሪየም ተባለ። በ1857 ዓመት ሚስቱ ኤሚሊ ሞተችበት። እርሱ ግን በኀዘኑ ሳለ ሥራውን አልተወም፤ በ1860 ዓመት የእንግሊዝን ባሕር አኔሞኒዎች በሥዕል የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ ፈጸመ።

ነገር ግን ከመልካሙ ሥራ ያልታሰበ ጥፋት መጣ። መጽሐፎቹን ያነበቡ ብዙ ሰዎች ዕቃ ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ፤ አኔሞኒዎቹንም ከዓለቱ እያላቀቁ ወሰዱ። ሁሉም ጥቂት ብቻ የወሰደ ይመስለው ነበር፤ የብዙ ሰው ጥቂት ግን ተደምሮ ዓለቱን አራቈተው። ልጁ ኤድመንድ በ1907 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ጎስ ይህን አይቶ እጅግ አዘነ። በ1888 ዓመት በ78 ዓመቱ ሞተ።

ልክ የሌለው ፍቅር የሚወደውን ነገር ያጠፋል። ብልህ ሰው ግን የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ ይደሰታል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም እንዲደሰት በቦታው ይተወዋል።