የሕፃናት ነርስ የነበሩት ልዕልት

ከጌጃ ሰፈር ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ፣ በልደታ አልፎ የኮካ ኮላን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይደክም ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይደርሳል። ከአብዮቱ በፊት ይህ ቤት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እኛ የኋለኞቹ ግን ስሙን እንኳ ብንሰማ፣ ልዕልቲቱ የሕፃናት ነርስ እንደ ነበሩ የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ስለዚህም ዛሬ ክቡራን አንባቢዎቻችንን ከሕይወታቸው ጋር ልናስተዋውቅ አስበናል።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን፣ እናታቸውም ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። የልጅነት ዘመናቸው በቤተ መንግሥት ወግ ያለፈ ስለሆነ ብዙ አንዘገይበትም። ነገሩ የሚለወጠው በ1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡ ተሰደደ፤ በኋላም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጠ። ልዕልቲቱ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ።

ስደተኛ ልዕልት ተቀምጣ ብታለቅስ የሚወቅሳት አልነበረም። እርሳቸው ግን በለንደን ወደሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1852 በዐሥር አልጋ የተጀመረና በዓለም የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ኑሮ እንደ ወታደር ኑሮ ጥብቅ ነበር፤ የሌሊት ተራ አለ፣ አልጋ ማንጠፍ አለ፣ ሕፃን ማጠብ፣ ወተት መለካት፣ ትኩሳት መመዝገብ አለ። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ያልደረሰበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሳንባው የታመመ ልጅ የሚድነው ከመድኃኒቱ ይልቅ በአስታማሚዋ ትጋት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እናት የታመመ ልጇን የምትጠይቅበት ሰዓት በጥብቅ የተወሰነ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ ቢውል ይለምደዋል ይባል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለው ተመራማሪ በ1952 የአንዲትን የሁለት ዓመት ሕፃን የሆስፒታል ኑሮ በፊልም ካሳየ ወዲህ፣ በ1959ም የመንግሥት ኮሚቴ የእናቶች መግቢያ እንዲፈቀድ ካሳሰበ በኋላ (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ደንቡ ቀስ በቀስ ላላ። በእኛ አገር እናት ከታመመ ልጇ አልጋ ሥር አትጠፋም፤ ይህን ከማንም አልተማርነውም። የጎደለን ከእናቲቱ አጠገብ የምትቆም የተማረች እጅ ነበረች።

ልዕልት ፀሐይ በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ የሕፃናት ነርስነታቸውን ማረጋገጫ ተቀበሉ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ እርሳቸውም በጋይስ ሆስፒታል ሙያቸውን ቀጠሉ። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት ነርስ ማግኘት እንደ ብርቅ በሚታይበት በዚያ ወቅት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በሽተኛ ማስታመማቸው ምን ያህል አርአያ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በኋላም ከአቢይ አበበ ጋር ትዳር መሥርተው ወደ ወለጋ ሄዱ።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የደም መፍሰስ ምክንያት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ለንደን ድረስ ሄደው የሰው ልጅ ማዳንን የተማሩት ሴት፣ በአገራችን ስንት ባላገር እናት የምትሞትበት ሞት ወሰዳቸው። የንጉሥ ልጅ መሆን በዚያ ሰዓት አላዳናቸውም፤ የሚያድናቸው በቅርብ የሚገኝ ደምና በቅርብ የምትገኝ የሠለጠነች አዋላጅ ነበረች።

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲቆም ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደከሙ። ሆስፒታሉ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይማሩበት ጀመር። ከስምንት ዓመት በኋላ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ወደዚሁ ቤት መጡ። በምጥ ብዛት ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች ባዩ ጊዜ ግን ሙሉ ዕድሜያቸውን ለዚያ ሰጡ። በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ነው። በእኛ አስተያየት ይህ መዘግየት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። ሕንፃ ማቆም ዐሥር ዓመት አይፈጅም፤ የተማረ እጅ ማብዛት ግን ትውልድ ይፈጃል።

ሥራው ከሆስፒታል በር ወጥቶ ወደ ቤት የሄደው በቅርብ ጊዜ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ አሰማራ። በ2009 ደግሞ ለከተሞች ተራው ደረሰና ነርሶች የየቤቱን በር እያንኳኩ ይገቡ ጀመር። በተከታዩ ዓመት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ አጀማመሩን ከወላጆች ትምህርትና ከእርግዝና ጊዜ አደረገ፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። አዲስ አበባም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነፍሰ ጡሮችንና የጨቅላ ሕፃናት አሳዳጊዎችን በየቤታቸው እየጎበኙ የሚመክሩ ሴቶችን አሰማርታለች። ምክሩም ስለ ጡትና ስለ ክትባት ብቻ አይደለም፤ ከልጅ ጋር መጫወትና ማውራት አእምሮውን እንደሚያሳድግም ይነገራል።

ነገር ግን በጌጃ ሰፈርም ሆነ በሌላው ሰፈር በሩን ከፍታ የምትቀበለው ሁልጊዜ እናቲቱ አይደለችም። እናት ለእንጀራ ወጥታለች፤ ሕፃኑን የያዘችው ሞግዚት ናት፤ ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ልጅ ናት። ልዕልት ፀሐይ የሕፃን አያያዝ ለመማር ሦስት ዓመት ያህል ደክመዋል። ይህች ልጅ ግን ከገጠር በአውቶቡስ በገባች በማግሥቱ ጡት ያልጣለ ሕፃን ተሰጥቷት፣ ማታ እናቲቱ እስክትመለስ ድረስ ብቻዋን ትይዘዋለች።