ያሬድ፤ ትምህርት እምቢ ያለው ተማሪ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የወገራን የገብስ እርሻ ግራና ቀኝ እያየ በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ደጋው በድንገት ያበቃና ገደል ይሆናል። መንገዱም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዶ፣ በዛሪማ፣ በአዲ አርቃይና በማይ ጸብሪ በኩል አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ አድርጎ አክሱም ይገባል። ከደባርቅ በስተ ምሥራቅ ደግሞ የስሜን ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ከነዚህ ተራሮች አንዱ አባ ያሬድ ተብሎ ይጠራል። እኛም ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚህ ስም ባለቤት ጥቂት ለመናገር ነው። ሰውየው የአክሱም ተወላጅ ሆኖ ሳለ ስሙ ስለ ምን በስሜን ተራራ ላይ እንደ ቀረ ለሚጠይቀን ሁሉ መልሱ የሕይወቱ ታሪክ ራሱ ነው።

በመካከላችን ያሬድን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የምናውቀው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከንጉሥ ፊት እንደ ቆመ ነው። ተማሪ ሳለ ምን ዓይነት ልጅ እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አናስብም። ስለዚህም ድርሰትና ንግግር ለጥቂት ዕድለኞች ብቻ ከሰማይ የሚወርድ ስጦታ ይመስለናል። የድርሰት ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተሞልቶ የተመለሰለት፣ ወይም በክርክር መድረክ ላይ ወጥቶ አንደበቱ የተሳሰረበት ባልንጀራችን ለዚህ ነገር እንዳልተፈጠረ ቈጥሮ ወደ ኋላው መቀመጫ ይመለሳል፤ ከዚያም ወዲያ አይነሣም። የያሬድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህን ባልንጀራችንን ነው።

ስለ ያሬድ የሚነገረውን ያቆዩልን ስንክሳርና ገድሉ ናቸው። ገድሉ የተጻፈው እሱ ካለፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እንግዲህ ታሪኩና ተአምራቱ እንደ ድርና ማግ ተያይዘው የተሸመኑ ስለ ሆኑ፣ አንዱን ከሌላው መዝዞ ለማውጣት መድከም የእኛ ሥራ አይደለም። ትውፊቱን እንደ ትውፊት ተቀብለን፣ ሕዝቡ ይህን ሰው በምን ዓይነት መልክ ሊያስታውሰው እንደ ፈቀደ እንመለከታለን።

በትውፊቱ መሠረት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አክሱም በዚያን ዘመን የራሷን ገንዘብ የምታሠራ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሩቅ አገሮች ጋር የምትነግድ፣ ንጉሥዋ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሕር ተሻግሮ በሂምያር ላይ የዘመተባት ታላቅ ከተማ ነበረች። በእንደዚህ ያለች ከተማ መማር ክብር ነው፤ አለመቻልም በዚያው መጠን ትልቅ ውርደት ነው። ያሬድ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ፣ እናቱ ታውክልያ ልጅዋን ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ካህንና የመጻሕፍት መምህር ነበሩ።

የትምህርቱ መጀመሪያ የዳዊት መዝሙር ነበረ። መቶ አምሳውን መዝሙር በቃል ማጥናት ዛሬም በአብነት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የሚያውቀው ፈተና ነው። ጓደኞቹ ቀድመውት ሲሄዱ ያሬድ ግን ጧት የተነገረው ማታ ይጠፋበት ነበር። መምህሩ ይገሥጹታል፤ ግሣጼው አልበቃ ሲል ይገርፉታል። ጓደኞቹም ይሥቁበታል። በመጨረሻ ሥቃዩ ሲበዛበት ትምህርቱን ጥሎ ኰበለለ። ወደ መደባይ በሚወስደው መንገድ ሄዶ ማይ ኪራሕ በተባለው ውኃ አጠገብ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አንድ ትል ወደ ዛፉ ጫፍ ሊወጣ ሲጀምር አየ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል፤ እንደ ገና ይጀምራል፤ እንደ ገና ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ከጫፍ ደርሶ ቅጠሉን በላ። ያሬድም ይህን ተመልክቶ አለቀሰና ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስንነግር ትዕግሥትን ብቻ እናስተምርበታለን። ነገር ግን በውስጡ ሌላ ቁም ነገር አለ። ትሉ ከወደቀ በኋላ ሌላ ዛፍ አልፈለገም፤ የወጣው በወደቀበት ዛፍ ነው። ያሬድም እንዲሁ ስንፍናውን ወደማያውቁበት ሌላ አገር አልሄደም። የተመለሰው ወደዚያው መምህር፣ ወደዚያው ጉባኤ፣ ይሥቁበት ወደ ነበሩት ወደነዚያው ጓደኞቹ ነው። ከመምህሩም እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። አባ ጌዴዎንም ተቀበሉት። እኛ እንደሚመስለን በያሬድ ሕይወት ውስጥ ከተነገሩት ድንቆች ሁሉ የመጀመሪያው ይኸ ነው። አንድ ተማሪ ከተዋረደበት መድረክ ላይ ተመልሶ ለመቆም የሚያስፈልገውን ድፍረት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ተከፈተለት። ብሉይንና ሐዲስን ተማረ፤ በዐሥራ አራት ዓመቱም ዲያቆን ሆነ። ከዚህም በኋላ ከገነት በመጡ ሦስት ወፎች አማካይነት የሰማይ ዜማ እንደ ተገለጠለት ገድሉ ይተርካል። በአክሱም ጽዮንም ቆሞ እጁን ዘርግቶ ማኅሌተ አርያም የተባለውን ዜማ በከፍተኛ ድምፅ አሰማ። ንጉሡም፣ ጳጳሱም፣ ካህናቱም፣ ሕዝቡም ድምፁን ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ፤ ቀኑንም ሁሉ ሲሰሙት ዋሉ። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ከያሬድ በፊት ጸሎቱና ምስጋናው በዝቅተኛ ድምፅ ይነበብ ነበር። አንድን መዝሙር ሊያጠና ያልቻለው ልጅ የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ያሰባሰበ ሆነ ማለት ነው።

ሆኖም ያሬድ በድምፁ ብቻ የተመካ ሰው አልነበረም። ብዙ ድምፀ መልካሞች በየዘመኑ ነበሩ፤ ሲሞቱም ድምፃቸው አብሮ ሞቷል። ያሬድ ግን ደራሲ ነበረ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍት በስሙ ይጠራሉ። ድጓው የዓመቱን ዙር የተከተለ ነው፤ ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ ተብሎ ተከፍሎ፣ ለክረምት የክረምቱን፣ ለአበባ የአበባውን፣ ለሐዘን የሐዘኑን፣ ለደስታ የደስታውን ይሰጣል። ዜማውም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ ቆሟል። ሊቃውንቱ ሦስቱን በሥላሴ ይመስሏቸዋል። የአራራይ ስም ደግሞ ልብን ከማራራት የመጣ ነው።

ለጽሑፍና ለንግግር ተማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል? ከሁሉ አስቀድሞ ያሬድ የሌሎችን ቃል በልቡ አኖረ፤ ቀጥሎ የራሱን ቃል በሥርዓት ደረደረ፤ ከዚያም ለቃሉ የሚስማማውን ድምፅ መረጠለት። ከመካከላችን ብዙዎቹ ይህን ተራ ገልብጠን እንጀምራለን። ሳናነብ እንጽፋለን፤ ሳንጽፍ እንናገራለን፤ ለልቅሶም ለሠርግም በአንድ ዓይነት ጩኸት እንጮኻለን። ከዚያም አድማጩ ሲያዛጋ እንቈጣለን።

ደግሞም የአንድ ሰው ሥራ ያለ ተማሪዎች እንደማይቆም ማስታወስ ይገባል። ዛሬ በድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የምናየው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተባሉ ሊቃውንት እንደ ተደራጀ ይነገራል። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለብዙ ትውልድ መምህራንን አወጡ። ዘራቸው ያልታወቀ፣ ቆሎ የቋጠሩ፣ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከደብር ወደ ደብር እየዞሩ ይህን ሀብት በቃላቸው አሻግረውታል።

አሁን ወደ ስሜን ወደሚያደርሰን ነገር እንምጣ። ዐፄ ገብረ መስቀል በነገሠ ጊዜ ያሬድ በዝናው ጫፍ ላይ ነበረ። አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኰዘውን ጦር ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ነገር ግን ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ዘማሪውም ሰሚውም አላወቁም። ንጉሡ ይህን ባየ ጊዜ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ደሙ ዋጋ የፈለገውን ሁሉ እንዲለምነው ያሬድን ጠየቀው። ያሬድም አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው። ከዚያ በኋላ የለመነው ወርቅ አይደለም፤ ግዛትም ሹመትም አይደለም። ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ እንዲሄድ ብቻ ነበር የለመነው። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ዳሩ ግን መሐላው ያዘው።

ያሬድም ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታቦቱ ፊት አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ምስጋና አደረሰና ተሰናበተ። ተከዜን ተሻግሮም ወደ ጸለምትና ወደ ስሜን ወጣ።

ይህን ስንሰማ ዓለምን ንቆ ዝም ለማለት የሄደ ይመስለናል። በእርግጥ መናኝ ነበረ፤ በጾምና በጸሎት ኖሯል። ነገር ግን ዝም አላለም። በዚያ በውርጭ አገር ደቀ መዛሙርትን ሰብስቦ ዜማውን አስተማረ፤ በትውፊቱም ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በዚያው ተሰወረ። በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይታሰባል። በስድሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው ውስጥ ሁለት ታላላቅ መንገዶችን ሄዷል ማለት ነው። አንደኛው ከማይ ኪራሕ ዛፍ ሥር ወደ መምህሩ የተመለሰበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ከንጉሥ ፊት ወደ ስሜን ተራራ የወጣበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መናገርን አስገኘለት። ሁለተኛው ንግግሩን ለማን እንደሚያውለው አሳየ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ወገን አንድ ነገር እናንሣ። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥማቸውን ያነቡ ነበር። የድኻውን ኑሮ በአደባባይ የተናገሩ ደፋሮች ከዚያ ወጡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ የጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም በየአውራጃው መምህራን ሆኑ። ስለ ድኻው በመድረክ ላይ መናገር አንድ ነገር ነበር፤ ከድኻው ልጅ ፊት ጠመኔ ይዞ መቆም ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከጭብጨባው ይልቅ ጠመኔው የከበዳቸው ነበሩ፤ ጠመኔውን ይዘው አንደበታቸው ይበልጥ የተፈታላቸውም ነበሩ።

ዛሬ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቆሟል፤ ወጣቶች የስሜንን ተራራ እያዩ ይማራሉ። እንግዲህ ይህ ጥያቄ አሁን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ የሚመልሰው አይደለም። ከጃናሞራ ወይም ከዳባት ገጠር ወጥቶ ኮሌጅ የገባው ወንድማችን፣ አንደበቱ በተፈታለትና ብዕሩ በተሳለለት ቀን፣ ፊቱን ወዴት ያዞራል? መልሱን እኛ ልንሰጥለት አይገባም። ያሬድም ሁሉ ሰው ቤተ መንግሥትን ትቶ ተራራ እንዲወጣ አላዘዘም። ነገር ግን ከሚሰሙት ሰዎች መካከል የመረጠው ከሁሉ የራቁትን እንደ ነበር እናያለን።

ስለዚህ፣ ውድ ባልንጀሮቻችን፣ ከመካከላችሁ ባለፈው ሳምንት በመድረክ ላይ ቃሉ የጠፋበት ቢኖር፣ በሚመጣው ሳምንት ወደዚያው መድረክ ይመለስ። የሣቁበትም እነሱው ይስሙት። ስድስት ጊዜ ቢወድቅ ከትሉ አይበልጥም። በሰባተኛው የወጣለት ቀን ግን፣ የተማረውን ያልተማረ ሰው በሊማሊሞ ማዶም በዳባት ገበያም እንዳለ አይርሳ። ያሬድ በአክሱም ያገኘውን በስሜን አስተማረ፤ ተራራው ዛሬም በስሙ ይጠራል።